ከጫት ያዳንኩት ልጅ

በአዘዞ መንገድ ዳር ጎማ ስጠግን ብዙ ሹፌር መክሬያለሁ። ምክሬን ሰምቶ ጫት የተወ እስካሁን አላጋጠመኝም። ምክሬን ሰምቶ ጎሚስታ የቀየረ ግን አለ።

ጎሚስታነት ለመካሪ የተመቸ ሥራ ነው። ጎማው እስኪለጠፍ ድረስ ሹፌሩ የትም አይሄድም። እኔ ከመነዳሪውን አውጥቼ፣ ነፍቼ፣ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ስፈልግ እሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እጄ ሲሠራ አፌ ለምን ይቦዝናል? ጫት ጥርስን እንደሚያበላሽ፣ ጨጓራን እንደሚልጥ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኑን ገልጦ ገደል እንደሚገባ እነግረዋለሁ። እሱም ጉንጩን በጫት ወጥሮ በትዕግሥት ይሰማኛል።

ከመተማ ሰሊጥ የሚያመላልስ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ዝም ብዬ ስሠራ አየኝና፣

"ምነው አያ፣ ዛሬ ስብከቱ ቀረ?" አለኝ።

"ጉንጭህ ባዶ ሲሆን ይቀጥላል።"

"እንግዲያው በኔ ዕድሜ አይቀጥልም። ለመሆኑ አንተ ምን ሱስ አለብህ?"

"በኔ ቤት ሱስ የለም።"

"አለብህ እንጅ። መምከር ነው ሱስህ። ሳትመክር የዋልህ ቀን ራስህን ሳያምህ አይቀርም።"

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ያን ዕለት እሱ እስኪመጣ ደንበኛ ጠፍቶ እውነትም ራሴን ሲያመኝ ነበር የዋለው። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ ደንበኞች እየተዉ የሚሄዱትን ጋዜጣ በጥቁር እጄ እያገላበጥኩ ነው። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ በበዓል ቀን የሚታደል፣ መድኃኒት የተጠቀለለበት ወረቀት ሁሉ ሳላነበው አያልፍም ነበር። ስለ ሱስ የሚያወራውን ደግሞ በቃሌ እወጣው ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት። እሱ ያነበበውን ሌላው ሰው ያላነበበው ይመስለዋል። ሹፌሮቹ ያንኑ ወረቀት አንብበውት ነበር፤ እያነበቡ ነበር የሚቅሙት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳወራ የራሴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። አገሩ ሰላም ባጣባቸው ዓመታት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሮ ልጆቹ ብዙ ነገር አምልጧቸዋል። ብሔራዊ ፈተናው ግን የማንንም ሰበብ አይሰማም። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው እዚያ እያጠኑ ይመሻሉ። እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ይህ ልጅ በፈቃዱ አነጋግሮኝ አያውቅም። እኔን ሲያይ አንድ ሥራ ትዝ የሚለው ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ወሬው ፈሰሰ። ምሕንድስና ተምሮ ጎንደር ላይ የጎማ ፋብሪካ ይከፍታል። ፋብሪካው የሚሠራበትን ቦታ መርጧል። እኔን ተቆጣጣሪ ያደርገኛል፣ እናቱን ደግሞ አያስለፋትም። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ድካሜን አየ አልኩ። ፋብሪካው ጣሪያ ሊለብስ ሲል ምላሱን አየሁት። አረንጓዴ ነበር።

"አፍህን ክፈት" አልኩት።

"አባየ፣ ለጥናት ነው እኮ" አለ፣ አፉን ሳይከፍት። "ሁሉም ልጅ ይቅማል። እንቅልፍ ይከለክልልናል።"

"እንቅልፍ ከልክሎህ ምን አጠናህ?"

አሰበ። ብዙ አሰበ። "ዛሬ ፕሮግራም ስናወጣ ነው የዋልነው" አለ።

"ትናንትናስ?"

"ትናንትናም።"

ሌላ አባት በዚህ ይስቅ ነበር። እኔ ያነበብኩትን ወረቀት ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጣሁለት። ከዚያ ወዲያ በቤቴ ጫት፣ ሺሻ፣ ሲጋራ፣ ሐሺሽ፣ ያለ ሐኪም የሚዋጥ ኪኒን፣ አረቄ፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ ከለከልኩ። ያመለጠኝ ስም ያለ አልመሰለኝም።

ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ፤ ይህንንም አንብቤያለሁ። ልጅን ከመጥፎ ጓደኛ ማራቅ ያስፈልጋል ይላል። እኛ ሰፈር ደግሞ ከቤት ወጥተው ታክሲ እስኪይዙ ስንት የጫት መደብር አልፈው ነው። ስለዚህ ለፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወደ ደጋ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በኩል፣ ወደ እናቱ ወንድም ልሰደው ወሰንኩ።

የባለቤቴ ወንድም የድጓ መምህር ናቸው። ዘመድ ሆነን እንኳ የኔታ ነው የምንላቸው። ደብራቸው ያለበት መንደር ጫት ቤት ቀርቶ ሱቅ የለውም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መብራት ሲኖር እንደ በዓል ይቆጠራል። የኔታ ራሳቸው ጠላ የሚባል በከንፈራቸው አይነኩም። በሠርግም በተዝካርም ሰው ሁሉ ዋንጫ ሲጨብጥ እሳቸው ውሃ ነው የሚይዙት። እኔ ይህን እንደ ትልቅ አብነት ለሹፌሮች እነግር ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው ዘንድ ልጄን ማስቀመጥ ታቦት ሥር የማስቀመጥ ያህል ነበር።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን መጽሐፎቹን በጆንያ ጭኖ ሄደ። የኔታ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ እየወጡ ይደውሉልኝ ነበር።

"ልጁ እንዴት ነው የኔታ?"

"ሸጋ ነው። እንደ ደቀ መዝሙር ተቀምጧል።"

"አደራ፣ ጫት እንዳያይ።"

"አንተ ሰው፣ እዚህ አገር ጫት ፍየል እንኳ አታውቀውም።"

እኔም ወደ ጎማዬ ተመልሼ ልጄን ከጫት እንዴት እንዳዳንኩት ለመጣው ሁሉ አወራ ጀመር። የአይሱዙው ሹፌር ሰምቶ ሲያበቃ "ለኔም እንዲህ ያለ አጎት ፈልግልኝ" አለ። ይህን እንደ መሸነፍ ቆጥሬለት ነበር።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የኔታ ደወሉ። ኮረብታ ላይ ሳይሆኑ መኪና ውስጥ ነበሩ።

"ልጁን ትንሽ አሞታል። ምች ሳይሆን አይቀርም። እየመጣን ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ አውርዷቸው ሄደ። ልጄ በየኔታ ትከሻ ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ የዓይኑ ጥቁር ተስፋፍቶ ነጩን ሊጨርሰው ደርሷል። በጣቶቹ ከአየር ላይ ክር የሚመስል ነገር እየለቀመ በጥንቃቄ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል።

"ልጄ" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "አንተ ሰውየ፣ ተነሥ ከመጽሐፌ ላይ" አለኝ። ቆሜ ነበር።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ባለቤቴ ወደ ደብር ስትሄድ የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ፣ ጫማዋን ሳታስር ተከትላ ደረሰች። ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ወጣት ሐኪም ዓይኑን በመብራት አየች፣ ልቡን አዳመጠች፣ ግንባሩን ዳሰሰች።

"ምን ወስዷል?" አለች።

"ምንም" አልን፣ እኔና የኔታ በአንድ አፍ።

"ሐሺሽ? ኪኒን? የሆነ ነገር አጭሷል?"

"በስመ አብ" አሉ የኔታ። "ልጁ ደብር ውስጥ ነው የከረመ። እኔ ምስክር ነኝ።"

"የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም" አልኩ። ከዚያ ግን ዓይኑን አየሁትና ዓመታት ያካበትኩት ዕውቀት መጣብኝ። "ዶክተር፣ ጫት ነው። ከየትም አምጥቶ ቅሟል። ሹፌሮችን በየቀኑ ነው የማያቸው፤ ዓይናቸው እንዲህ ነው የሚሆን።"

"ጫት እንዲህ አያደርግም አባቴ" አለች።

"አንብቤያለሁ እኮ" አልኳት።

እሷ ጎንበስ ብላ ልጁን "ስምህ ማን ነው?" ትለዋለች፣ እሱ ከእጅጌዋ ላይ ክር ይለቅማል። እንዲህ እያለ ወደ እናቱ ዞረና እንግዳ ሰው በሚያነጋግርበት ትሕትና "እትየ፣ እናቴን አይተዋታል?" አላት።

ባለቤቴ አላለቀሰችም። የመምህር ልጅ ናት፤ የአባቷ ጉባኤ ቤት ተማሪዎች በሚያድሩበት ጎጆ አጠገብ ነው ያደገች። ልጇን አየች፣ ጣቶቹን አየች፣ ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። በሕይወቷ የኔታ ብላ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

"አንተ፣ አብሾ ሰጠኸው?" አለችው።

የኔታ መቋሚያቸውን አዙረው ያዙ። "በጥቂቱ ነው" አሉ። "ለትምህርት ነው።"

ሐኪሟ ቀና አለች። የፈለገችውን ያገኘችው ከዚህ ላይ ነው። ለነርሷ በፍጥነት የሆነ ነገር አዘዘችና አልጋውን ጨለም ወዳለ ክፍል ገፍተው ወሰዱት።

በአብነት ትምህርት ቤት አካባቢ ያደገ ሰው አብሾን ያውቀዋል። ለማያውቀው፣ አእምሮን ይከፍታል፣ የሰሙትን ሁሉ ያስይዛል ተብሎ ለተማሪ የሚሰጥ የዕፅ መድኃኒት ነው። ዕፁ መርዝ መሆኑን ሐኪሟ ልጁ እንደገባ ነገረችን። ያን ጊዜ ግን እኔም የኔታም ለሐኪሟ አልዋሸናትም። የጠየቀችን ስለ ሱስ ነበር፣ አብሾን ደግሞ በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም። ከደብር የመጣ፣ ለትምህርት የታሰበ፣ በጸሎት የተሰጠ ነገር እንዴት ከሐሺሽ ጋር በአንድ ጥያቄ ውስጥ ይገባል? ይህን ዓይነት ስሕተት ለመሳሳት የእኛ አገር ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ከየኔታ ጋር ተቀመጥን። መናገር የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ መቼም።

"ልጄን አደራ ብዬ ሰጠሁዎት።"

"ከጫት ጠብቅልኝ ነው ያልከኝ። ጠበቅሁት።"

"የኔታ፣ መርዝ ሰጡት እኮ።"

"እሱ ነው የለመነኝ። 'አባየ ጫት ከልክለውኛል፣ ፈተናው ደርሷል፣ ያነበብኩት አልያዝ ብሎኛል' አለኝ። አሳዘነኝ። እኔም በሱ ዕድሜ ወስጄዋለሁ። ዜማው ከዚያ በኋላ ነው እንደ ውሃ የገባልኝ።"

"ከአብሾው በፊት አይገባዎትም ነበር?"

ይህን ማንም ጠይቋቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። "ከዚያ በፊትም ይገባኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

"አብረውዎት የወሰዱትስ?"

"አንዱ መሪጌታ ሆኗል። አንዱ ዛሬም ደብሩ ደጅ አለ። ከግንቡ ጋር ይነጋገራል። ከሁላችንም የበለጠ ድምፅ የነበረው እሱ ነው።"

"ታዲያ እሱን በየቀኑ እያዩት?"

"የሱን ዕጣው ነው እንላለን።"

ያን ጊዜ ነው ጠላ የማይቀምሱበት ምክንያት የገባኝ። አብሾ የወሰደ ሰው መጠጥ ከቀመሰ ያብዳል ይባላል። የኔታ በየድግሱ ውሃ ጨብጠው የተቀመጡት ጨዋ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ፈርተው ነበር። ወጣት ሆነው አንድ ጊዜ የጠጡት ነገር ዕድሜ ልካቸውን በየሠርጉ አጠገባቸው ይቀመጣል። እኔ ደግሞ እኝህን ሰው ነው ከሱስ ነፃ የሆኑ ሰው እያልኩ ለሹፌር ሁሉ የሰበክሁ።

"እንግዲህ ይመለሳል?" አሉኝ። እኔን እንደ ሐኪም ነበር የጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ይህን ቃል ያን ያህል ቀላል አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።

ሐኪሟ ስትወጣ እንዲህ አለች። አእምሮው ይመለሳል ብላ ተስፋ ታደርጋለች። በጊዜ መምጣቱ በጀው። የቅርብ ነገር ማየት ግን ለተወሰነ ጊዜ ያስቸግረዋል፤ ማንበብ አይችልም። ባለቤቴ "ፈተና አለበት" አለቻት። ሐኪሟ "መጀመሪያ እናንተን ይወቃችሁ" አለች።

ያወቀን በማግሥቱ ነው። እናቱን ውሃ ለመናት፣ እትየ ሳይሆን "እማየ" ብሎ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ብርጭቆውን ራሱ ይዞ እስኪጠጣ ድረስ መነሣት አልቻለችም።

ቤት ከገባን በኋላ መጽሐፉን ከፍቶ ዓይኑን ያጠባል፣ ያርቀዋል፣ ያቀርበዋል፣ ይዘጋዋል። ፊደሎቹ ይዋኛሉ አለ። ላንብብልህ አልኩት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ራሴን ያስተማርኩት በአማርኛ ሲሆን የፈረንጅ ፊደል የማውቀው ጎማ ላይ ከተጻፈው ነው። ስለዚህ እኔ ፊደል በፊደል እጠራለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን ይገጥማል። አንድ ገጽ ለመጨረስ የአንድ መኪና ጎማ ሁሉ ተለጥፎ የሚያልቅበት ጊዜ ይፈጅብን ነበር። አንዳንዴ አንዱን ፊደል በሌላው እለውጥና እሱ ይስቃል። እኔ ፊት ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ቀን "አባየ፣ አብሾን እኮ አልከለከሉኝም" አለኝ።

"ስሙ አልመጣልኝም ነበር" አልኩት።

እውነቱም ይኸው ነው። ስም እየጠራሁ ከልክዬዋለሁ። ልጄ ታዛዥ ነው፤ ከጠራኋቸው ስሞች አንዱንም አልነካም። ለምን እንደምከለክለው ግን፣ ከጥርስና ከጨጓራ በቀር፣ ነግሬው አላውቅም። ጥርስና ጨጓራ ደግሞ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሽማግሌ ወሬ ነው። መንገር የነበረብኝ ሌላ ነበር። ሰው የሚማረውም የሚሳሳተውም በዚያው ባለው ጭንቅላት ነው፤ እሱን ለማፍጠን ተብሎ የሚወሰድ ቅጠል ጫት ሆነ አብሾ፣ ከገበያ መጣ ከደብር፣ ያው ነው። ከድካም የተነሣ አልያዝ ያለ ነገር ካለ መፍትሔው መተኛት ነው። እኔ ደግሞ በቤቴ እንቅልፍን እንደ ስንፍና ነበር የማየው። ከጫት ጋር እንቅልፍንም አብሬ ከልክዬው ኖሯል።

"ሲደክምህ ተኛ" አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። ከዚያ ዕድሉ ሳያመልጠው ተኛ።

ፈተናው ደረሰ። ዓይኑ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ነበር፣ ቢሆንም ገባ። ውጤቱ ሲመጣ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃውም። ብዙው የአገሩ ልጅም አልበቃውም፤ ስለዚህ ጎረቤት አልገረመውም፣ ለምንስ ብሎ የጠየቀን የለም። እኛ ግን ምክንያቱን እናውቃለን። እንደገና ለመፈተን ተመዝግቦ ቤት ሆኖ ያጠናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይተኛል። ሹፌሮቹ ልጅህስ ይሉኛል። ከጫት ያዳንኩበትን ታሪክ ግን አላወራላቸውም፤ ቢጠይቁኝ ሙሉውን መናገር ይኖርብኛል።

ባለፈው ሰሞን የኔታ ከኮረብታቸው ደወሉ። ሰላምታው ሲያልቅ፣

"አንድ ተማሪ አለኝ" አሉ። "ሸጋ ልጅ ነው። ዜማው አልያዝ ብሎት አብሾ ስጡኝ እያለ ይለምነኛል። አልሰጥም አልኩት። ከሌላ ዘንድ እወስዳለሁ ይላል። ምን ልበለው? አንተ መቼም ምክር ታውቃለህ።"

የምለው ብዙ ነበረኝ። ጉበትም፣ ልብም፣ ሐኪሟ የነገረችንም ሁሉ በቃሌ ነበር። ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት።

ልጄ ጉዳዩን ሰማና ትንሽ አሰበ። "የኔታ፣ እንዲህ ይበሉት" አለ። "እኔ አብሾው ይዞኝ ሳለ እያነበብኩ ነበር። መጽሐፉን ሁሉ ጨረስኩት። አንድም ያልገባኝ ነገር አልነበረም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በኋላ እማየን መጽሐፌን ወዴት አደረግሽው ስላት፣ ጆንያው ሳይፈታ ነው የመጣው አለችኝ፤ ከአብሾው በፊት እንዳሰርኩት ነበር።"

ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። በስልኩ ውስጥ የኮረብታው ነፋስ ይሰማል።

"እነግረዋለሁ" አሉ የኔታ።

ልጄ ስልኩን መለሰልኝና ወደ መጽሐፉ ገባ። እኔም የምጨምረው ስላልነበረኝ፣ የኔታን ደህና ይሁኑ ብዬ ወደ ጎማዬ ሄድኩ።